የክረምት ቲማቲም በበረንዳ፦ ከብርዱ ይልቅ ዝናቡን እንፍራ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች

በቅድሚያ አክብሮት የተሞላበት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቅርቡ በጋዜጣችሁ የግብርና ዓምድ ላይ ስለ ቲማቲም የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። በክረምት ወራት ቲማቲምን በቤት ውስጥ፣ በባልዲና በሳጥን ማብቀል እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ ሲሆን፣ ሐሳቡ እጅግ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ የተቀዳው ክረምቱ የበረዶ ወቅት ከሆነበት አገር መሆኑ በየአንቀጹ ይታያል። ተክሉ ደቡብ በሚያይ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ ክፍሉ በማሞቂያ ይሙቅ፣ ቀኑ ስለሚያጥር ብርሃኑ በመብራት ይርዘም ይላል። በመሐል አዲስ አበባ፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ቃል በቃል ቢፈጽም ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመሳሳይ ምክር ተከትዬ ሁለት ክረምት ከአንድ ባልዲ በቀር ያለ ፍሬ ስላሳለፍኩ፣ ሌላው አንባቢ በዚያው መንገድ እንዳይደክም በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። እኛ ክረምት ስንል የዝናቡን ወቅት ማለታችን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። በባሕር ማዶ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ወቅት ግን በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚጀምር፣ ቀኑ የሚያጥርበትና መሬቱ በበረዶ የሚጋገርበት ጊዜ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታችን ለትርጉም ቢመችም ለተክል አይመችም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህም ምክንያት በዓመቱ ረጅም በሆነው ቀንና አጭር በሆነው ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በሐምሌ ብርሃን የሚያንሰን ቀኑ አጥሮ ሳይሆን ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ነው። ብርዱንም ያየን እንደሆነ፣ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚያገለግል የክረምቱ ሌሊት ጥርት ካለው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይልቅ ይሞቃል። ስለዚህ በእኛ ክረምት ስለ ማሞቂያ የሚጨነቅ ሰው ከማይመጣ ጠላት ጋር እየተዋጋ ነው።

እውነተኛውን ጠላት ያወቅሁት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከሕንፃው ግርጌ፣ ከደረጃው ጎን ባለች ቁራጭ መሬት ላይ በግንቦት አሥራ አራት ችግኝ ተከልኩ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ለዓይን የሚያስደስቱ ሆነው አደጉ። በሐምሌ አጋማሽ ግን አምስት ቀን ሳያባራ ዘነበ፤ በስድስተኛው ቀን ጠዋት በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ዘይት የነካው ወረቀት የመሰለ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አየሁ። ቅጠሉን ገልብጬ ስመለከተው በነጠብጣቡ ዙሪያ እንደ ዱቄት የሳሳ ነጭ ሻጋታ ነበረበት። በሳምንቱ ግንዱም ለጋ ፍሬውም ቡናማ ሆኖ፣ ከአሥራ አራቱ አንድም አልተረፈም። ነገር ግን ባለቤቴ መሬቱ ስላልበቃ በቀለም ባልዲ ተክላ በረንዳ ላይ ያስቀመጠችው አንድ ችግኝ ነበር። እርሱም ከዚያው ዘር የተገኘ፣ በዚያው ቀን የተተከለ፣ የዚያኑ ያህል ብርድ የቀመሰ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ቅጠሉ ሳይታመም በጳጉሜን ቀይ ፍሬ ሰጠን። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ጣሪያ ብቻ ነው።

የገደላቸው በሽታ በሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ በሚባል ተህዋስ የሚመጣ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 በአየርላንድ የድንች ማሳ ላይ ወርዶ ለታላቁ ረኃብ ምክንያት የሆነው ይኸው ነው። ድንችና ቲማቲም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በመሆናቸው በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ብናኙ በነፋስ ተሳፍሮ ሩቅ ስለሚጓዝ ወደ ቤታችን እንዳይደርስ ማድረግ አንችልም፤ ይሁን እንጂ ቅጠል ላይ ቢያርፍም ቅጠሉ ለሰዓታት ረጥቦ ካልቆየ ሊይዘው አይችልም። የሚስማማው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት የበዛበት አየር ነው፤ ይህም ከሐምሌና ከነሐሴው የከተማችን አየር ጋር አንድ ነው። ገበሬው በዝናብ ወቅት ቲማቲሙን ለማትረፍ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት እየደጋገመ ለመርጨት የሚገደደውም ስለዚህ ነው። የቲማቲም የዱር ዘመዶች ከደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከፔሩና ከኢኳዶር ደረቅ ዳርቻና ተራራማ ሥፍራዎች የመጡ መሆናቸውን ስናስብ፣ ተክሉ ከፍታን ሳይሆን ዘወትር መርጠብን የሚጠላበት ምክንያት ይገባናል።

እንግዲህ በእኛ ክረምት «ቤት ውስጥ ማብቀል» ማለት ከብርድ ማስጠለል ሳይሆን ቅጠሉን ከዝናብ ማዳን ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ ሳሎን ድረስ ማስገባት አያስፈልግም፤ ጣሪያ ያለው በረንዳ ይበቃል፣ እንዲያውም ይሻላል። ሳሎን ውስጥ መስታወቱና መጋረጃው ብርሃኑን ይቀንሱታል፣ አየሩም ስለማይንቀሳቀስ እርጥበቱ ይታፈናል። በረንዳው ንፋስ የሚያገኝ ከሆነ ዝናብ በሚገባበት ጎን ብቻ ስስና ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ መወጠር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከላይም ከታችም አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይተው። በሁለተኛው ዓመት እኔ በረንዳውን ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍኜው ስለነበር፣ ዝናቡ ሳይነካቸው ከራሳቸው በሚወጣው ላብ ቅጠሎቹ ረጥበው አደሩ፤ ያ ነጭ ሻጋታም ተመለሰ።

በዚያው ዓመት የሠራሁት ሌላው ስሕተት የአቅጣጫ ነበር፤ በጋዜጣችሁ የወጣው ምክር ይበልጥ የሚጎዳውም በዚህ ነጥብ ላይ ይመስለኛል። ደቡብ የሚያይ መስኮት ይመረጥ የሚለው መመሪያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ በኩል ለሚታያቸው ሰሜናዊ አገሮች ትክክል ነው። በአዲስ አበባ ግን ፀሐይ በሚያዝያ 5 ገደማ በእኩለ ቀን ከአናታችን በላይ ቀጥ ብላ ታልፍና ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ወደ ደቡብ የምትመለሰው በነሐሴ 24 ገደማ ነው። በእነዚህ አራት ወር ተኩል ውስጥ የእኩለ ቀን ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር በሰኔ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ በግቢው ውስጥ እንጨት አቁሞ ይመልከት። ስለዚህ ለክረምት ቲማቲም የሚስማማው ሰሜን የሚያይ በረንዳ ሲሆን፣ ደቡብ የሚያየው በክረምት ጨለማ ነው፤ በበጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእኔ በረንዳ ደቡብ ስለሚያይ ችግኞቼ በሰኔ እንደ ክር ቀጥነው ሲንጋደዱ፣ ከኮሪደሩ ማዶ በሰሜን በኩል የሚኖሩት እናት ያለ ምንም ጥበብ በዘይት ጀሪካን ያበቀሉት ቲማቲም ግንዱ አውራ ጣት አክሎ ነበር። እኔ አፈሩን፣ ዘሩንና ፍጉን ስመረምር ከረምኩ፤ ምክንያቱ ግን ከሰማይ ነበር። እርሳቸውም ደግ ሴት ስለሆኑ በሦስተኛው ዓመት የበረንዳቸውን ግማሽ ሰጥተውኝ አብረን ተከልን፤ ምርቱንም እኩል ተካፈልን።

ከሰሜናዊው ይልቅ ደግሞ ሰሜን ምሥራቁን የሚያይ ይበልጣል። የከተማችን የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚጥል ሲሆን፣ ጠዋት ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ገለጥ የሚልባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ቲማቲም በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ቢያገኝ ይወዳል፤ በሐምሌ ያን ማግኘት ስለማይቻል የጠዋቷን ፀሐይ ማባከን አይገባም። በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት ወደ ሰሜን የምታዘነብለው 14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጣሪያው ከወለሉ 2.7 ሜትር ከፍ በሚል በረንዳ ላይ ጨረሩ ከጫፉ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመ ተክል በቀን መካከል ጥላ ውስጥ ይውላል። የበረንዳው መከለያ ድፍን ኮንክሪት ከሆነ ደግሞ ባልዲውን በርጩማ ወይም ብሎኬት ላይ ከፍ አድርጎ ወደ ጫፉ ማስጠጋትና በየሦስት ቀኑ ማዞር ያስፈልጋል። ነፋስ እንዳይጥለው ከውስጥ በኩል በሽቦ መታሰር አለበት፤ ከሦስተኛ ፎቅ የሚወድቅ ባልዲ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ስለ መብራት የተባለው ለትልልቅ ተክሎች ብዙም አያስፈልግም፤ ለችግኝ ግን ይጠቅማል። ተራ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ከችግኙ አናት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በቀን ለአሥራ አራት ሰዓት ያህል ማብራት መቅጠኑን ይከላከላል። ብርሃን በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ግን ስሕተት ነው፤ ቲማቲም ጨለማ ካላገኘ ቅጠሉ እየነጣና ቢጫ እየሆነ የሚሄድ ተክል ነው።

ዕቃውን በተመለከተ ሃያ ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ወይም አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ለአንድ ተክል በቂ ነው። የቀለሙ ባልዲ በደንብ ይታጠብ፣ ከሥሩም ስድስት ወይም ስምንት ቀዳዳ ይበሳ። አፈሩ ከከተማችን ጥቁር ዋልካ ብቻ እንዳይሆን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዋልካ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩንም ይበጥሳል። እኔ የምጠቀመው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደግሞ ለመንገድ ሥራ ከሚነጠፈው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ቀይ ጠጠር ነው። ያልበሰለ እበት ሥሩን ስለሚያቃጥል ለወራት ሳይከማች አይግባ። የቡና አተላ ተደባልቆ ቢከማች ጥሩ ነው፤ የከሰል አመድ ግን ከአንድ እፍኝ አይብለጥ።

በውኃ በኩል የክረምት አትክልተኛ ፈተና ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። አየሩ ቀዝቃዛና ደመናማ በሆነበት ሳምንት ተክሉ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ፣ ጣትን ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ከትቶ ደረቅነት ሳይሰማ ማጠጣት አይገባም። ውኃው ጠዋት ይሰጥ፣ አፈሩ ላይ ብቻ ይፍሰስ፣ ቅጠል አይንካ። ፀሐይ በመስከረም ስትመለስ ግን አንድ ያደገ ተክል በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤት በክረምቱ ከጣሪያ ያጠራቀመውን ውኃ ቢጠቀም ይበጀዋል። ብዙ ሰው «ፍሬዬ ከታች ጠቁሮ በሰበሰ» ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ይህ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ደርቆ አንድ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ወደ ፍሬው በወጉ ስለማይደርስ የሚከሰት ነው። መድኃኒቱ አጠጣጡን ማስተካከል ነው።

በረንዳ ላይ ያበበው ቲማቲም ሳያፈራ አበባው የሚረግፍባቸው ጎረቤቶች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። የቲማቲም አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሉን በአንድነት የያዘ ስለሆነ ሌላ ተክል አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መንቀጥቀጥ ነው። ሜዳ ላይ ነፋስ ያንቀጠቅጠዋል፤ በተከለለ በረንዳ ላይ ግን ይህን የምናደርገው እኛ ነን። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር፣ አየሩ ትንሽ ደረቅ ሲል፣ ያበበውን ዘለላ ከኋላው በጣት መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ክረምት ላይ እርጥበቱ የአበባውን ብናኝ ስለሚያጣብቀው በየቀኑ መደጋገም ያስፈልጋል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል። ብርድ በእርግጥ የሚጎዳን በዚህ ረገድ ሲሆን፣ መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ባልዲው ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ አጠገብ ከሆነ ወይም ማታ ማታ ወደ በሩ ቢጠጋ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያተርፋል።

ዘርን በተመለከተ፣ በመጠኑ አድጎ የሚቆም ዓይነት ለበረንዳ ይስማማል። በገበያ የሚገኘው ሮማ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለአገራችን ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ በሰፊው ይታወቃሉ። እኔ በተለይ የምወደው ግን ፍሬው ትንንሽ የሆነውን የቼሪ ቲማቲም ነው፤ ብርሃን ባነሰበት ወቅት ትልልቁ ፍሬ ለመቅላት ሲዘገይ ትንሹ ይቀድማል።

ከሁሉም በላይ የሚወስነው የመዝሪያው ቀን ነው። ብዙ ሰው ዝናቡ ሲጀምር የመትከል ስሜት ያድርበታል፤ ለዛፍ ችግኝ ትክክል ቢሆንም ለቲማቲም ዘግይቷል። በሰኔ የበቀለ ችግኝ ጨቅላ ሆኖ ወደ ሐምሌ ጨለማ ስለሚገባ ዕድገቱ ቆሞ ይከርማል። ዘሩ በሚያዝያ መጀመሪያ ተዘርቶ፣ በግንቦት አጋማሽ ወደ ባልዲው ቢዛወር፣ ግንዱ ጠንክሮ ደመናውን ይቀበላል። ሲዛወር እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ በጥልቀት ይቀበር፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣልና። በከተማችን ቅዝቃዜ ከዘር እስከ ቀይ ፍሬ አምስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ የመጀመሪያው ፍሬ የሚደርሰው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ነው። ለፍልሰታ ጾም ማድረስ የሚፈልግ በመጋቢት መጀመሪያ መዝራት አለበት። የጾም ወቅት ከክረምቱ ጋር ተገናኝቶ የቲማቲም ዋጋ ሲወደድ፣ አትክልት ተራም ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከራቀብን ወዲህ፣ በመሐል ከተማ የምንኖር ሰዎች ከጉልት በጥቂት ፍሬ እየቆጠርን መግዛት ለምደናል። ከአንድ ባልዲ እኔ ያገኘሁት ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ለገበያ የሚሆን አይደለም፣ አምስት ባልዲ ግን የአንድ አነስተኛ ቤተሰብን ስልስና ሰላጣ ለሳምንታት ይችላል። አልቀላ ብሎ የዘገየ ፍሬ ቢኖር አረንጓዴው ነጣ ማለት ሲጀምር ተቆርጦ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ለመቅላት ብርሃን አያስፈልገውም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አይግባ፣ ጣዕሙን ያጣል።

የኮንዶሚኒየም ኑሮ የጋራ ስለሆነ የጎረቤትን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። አፈር የሞላው ባልዲ ውኃ ሲጠጣ ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል በአንድ ጥግ መደርደር አይገባም። ከቀዳዳው የሚወርደው ቡናማ ውኃ ከታች ባለው ቤት የታጠበ ልብስ ላይ ቢንጠባጠብ ጠብ ይፈጠራል፤ በአንዳንድ ሕንፃዎች የነዋሪዎች ማኅበራት በረንዳ ላይ መትከልን እስከ መከልከል የደረሱት በዚህ ምክንያት መሆኑን ሰምቻለሁ። ከእያንዳንዱ ባልዲ ሥር ሰፊ ሳህን ማድረግ ክልከላውን የሚያስቀር ትንሽ ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የከተማ ግብርናን የሚመሩ የከተማችን መሥሪያ ቤቶች ለጓሮ ባለቤቶች የሚሰጡትን ትምህርት መሬት ለሌለን የፎቅ ነዋሪዎችም እንዲያደርሱ፣ የቲማቲም ችግኝ የሚያከፋፍሉ ከሆነም በሐምሌ ሳይሆን በግንቦት እንዲሆን። ጋዜጣችሁ ደግሞ የውጭ አገር የእርሻ ምክር ሲተረጉም ወሮቹንና የፀሐይዋን አቅጣጫ ወደ እኛ ሰማይ አስተካክሎ እንዲያወጣ፣ በተለይም በመጪው መጋቢት የበሽታውን የመጀመሪያ ነጠብጣብ የሚያሳይ ግልጽ ፎቶግራፍ ከመዝሪያው ቀን ጋር በአንድ ገጽ እንዲያትም እጠይቃለሁ። ለፎቶግራፉ የሚሆን የታመመ ቅጠል በየክረምቱ ከሕንፃችን ግርጌ ስለማይጠፋ፣ ባለሙያችሁ ሊመጣ ቢፈልግ ቦታውን በደስታ አሳያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ